ብረቱ የት ይቀመጣል? በጠጣር የሮኬት ነዳጅ ውስጥ ስለሚገቡ የብረት ውህዶች

የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከፍሎሪዳ ሲነሣ ከግራና ከቀኝ የተጣበቁት ሁለት ነጫጭ ሮኬቶች እያንዳንዳቸው 500 ቶን የሚያህል ነዳጅ ይይዙ ነበር። ያ ሁሉ ነዳጅ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ፈሳሽ አይደለም፤ የመኪና ጎማ የመሰለ፣ ጠንከር አድርገው ሲጫኑት በትንሹ የሚሰረጉድ ጠጣር ነገር ነው። አንዴ ከተለኮሰ በኋላ የሚዘጋ ቧንቧም ሆነ የሚቀነስ ማርሽ የለውም። እንዴት እንደሚነድ የተወሰነው ከብዙ ጊዜ በፊት፣ ገና በመቀላቀያው ገንዳ ውስጥ ሳለ ነው። አብላጫው አሞኒየም ፐርክሎሬት የተባለ ነጭ ጨው ነው፤ ቀጥሎ የአሉሚኒየም ዱቄት፣ ከዚያም ሁሉን አያይዞ የሚይዘው ጎማ ይመጣል። ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ የማይሞላ ድርሻ ያለው ደግሞ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ በየቆርቆሮው ላይ የምናየው ዝገት መሆኑ ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ያንን ጥቂት ብረት ነው። ብረት በጠጣር ነዳጅ ውስጥ በዝገት መልክ ብቻ አይገባም፤ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ጋር በተያያዘ ሞለኪውል መልክም ይገባል፣ የእነዚህም ሞለኪውሎች እናት ፌሮሲን ናት። በጉዳዩ ላይ የተጻፈው እጅግ ብዙ ሲሆን አብዛኛው የሚያተኩረው የትኛው ውህድ እሳቱን ይበልጥ ያፋጥናል በሚለው ላይ ነው። የመስኩን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ላየ ሰው ግን ሥራውን ወደፊት የገፋው ሌላ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብረቱ እሳቱ እስኪደርስ ድረስ ካስቀመጡት ቦታ ይቆያል ወይ? ሮኬት ተሠርቶ በማግስቱ አይተኮስም። ዓመታት ተቀምጦ፣ ሙቀትና ብርድ ተፈራርቆበት፣ ከዚያ በመጀመሪያው ቀን እንደተለካው ሆኖ መንደድ አለበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጠጣር ነዳጅ የሚነደው ከገጹ ነው። የሚነደው ገጽ በሰከንድ ጥቂት ሚሊሜትር፣ አንዳንዴም ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ውስጥ ያፈገፍጋል፤ በመንኮራኩሩ ሮኬቶች ይህ ፍጥነት በሰከንድ ከ1 ሴንቲሜትር በትንሹ ያነሰ ነበር። ፍጥነቱን የሚወስነው አንዱ ነገር በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1893 እንዳሳየው ግፊት ሲጨምር ፍጥነትም ይጨምራል፤ በምን ያህል እንደሚጨምር የሚናገረው አርቢ የሚባለው ቁጥር ነው። ነገሩ ክብ ነው፤ ቶሎ የሚነድ ነዳጅ ብዙ ጋዝ ያወጣል፣ ብዙ ጋዝ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ግፊቱ መልሶ ቃጠሎውን ያፋጥናል። ይህን ክብ የሚያረጋጋው ጋዙ በሮኬቱ ጠባብ መውጫ፣ በጉሮሮው በኩል መውጣቱና አርቢው ከ1 ማነሱ ነው።

በቁጥር ቢታይ ይሻላል። አርቢው 0.3 የሆነ ነዳጅ ስንጥቅ ገብቶበት የሚነደው ገጽ በ10 በመቶ ቢሰፋ ግፊቱ ወደ 15 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሮኬቱ ይችለዋል። አርቢው 0.8 ከሆነ ግን ያው 10 በመቶ ግፊቱን በ61 በመቶ ያሳድገዋል፤ እንዲህ ያለውን ጭማሪ ችሎ የሚቆም የሮኬት ቀፎ ጥቂት ነው። ገጹ ሳይሰፋ የነዳጁ የቃጠሎ ፍጥነት ራሱ በ10 በመቶ ቢዛባም ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ቃጠሎን የሚያፋጥን ተጨማሪ ነገር የሚመዘነው ፍጥነት በመጨመሩ ብቻ ሳይሆን አርቢውን ከፍ ባለማድረጉና መጠኑ በጊዜ ብዛት ባለመዛባቱም ነው።

የፍጥነቱ መለኪያ ከሚወክለው ነገር ግዙፍነት አንጻር ሲታይ በጣም ትንሽ ነው። እንደ እርሳስ የቀጠነ የነዳጅ ዘንግ ተቆርጦ፣ ጎን ለጎኑ እንዳይነድ በሽፋን ይቀባና ወፍራም ግድግዳ ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይቆማል። ዕቃው በናይትሮጅን ተሞልቶ ወደሚፈለገው ግፊት ይደርሳል። በዘንጉ ላይ በታወቀ ርቀት ቀጫጭን ሽቦዎች ተሰክተዋል። ከላይ ሲለኮስ እሳቱ ወደ ታች እየወረደ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይበጥሳል፤ በመጀመሪያውና በቀጣዩ መበጠስ መካከል ያለው ጊዜ ፍጥነቱን ይሰጣል። በተለያየ ግፊት ይደጋገማል፣ ነጥቦቹ በሎጋሪዝም ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ፣ የመስመሩ ተዳፋትም አርቢው ነው። ዘዴው ከ1940ዎቹ ጀምሮ ብዙም አልተለወጠም።

የማከማቸት ችግር ከብረቱም በፊት የነበረ ነው። በ1941 ካሊፎርኒያ ውስጥ የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በሮኬት ኃይል ለማስነሣት ሲሞክሩ ነዳጃቸው ታምቆ የተጠቀጠቀ የባሩድ ዓይነት ነበር። በዕለቱ የተሠራው ደህና ይሠራል፤ ቀናት ያደረው ይፈነዳል። ሙቀት ሲለዋወጥ ነዳጁ እየተኮማተረ ከግድግዳው ይለያል ወይም ይሰነጠቃል፣ እሳቱም በስንጥቁ ይገባል። ከመካከላቸው ጃክ ፓርሰንስ በ1942 ሬንጅ አቅልጦ ከፖታሲየም ፐርክሎሬት ጋር በመቀላቀል ወደ ቀፎው አፈሰሰው፤ ይህ ከግድግዳው ጋር የሚጣበቅ፣ የሚለጠጥ ነዳጅ ሆነ። ከሬንጅ ወደ ሰው ሠራሽ ጎማ፣ ከፖታሲየሙ ጨው ወደ አሞኒየሙ የተደረገው ሽግግር ቀጥሎ መጣ። የዛሬው ጠጣር ነዳጅ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ታዲያ ፍጥነቱ በቂ ካልሆነስ? የመጀመሪያው መፍትሔ ጨውን ማድቀቅ ነው። ቅንጣቱ ሲያንስ ጨውና ጎማው የሚገናኙበት ገጽ ይሰፋል፣ እሳቱም ወደ ነዳጁ ይቀርባል። ነገር ግን በጣም የደቀቀ ጨው ድብልቁን ስለሚያወፍረው ወደ ቀፎው አልፈስ ይላል፤ ደግሞም ደቃቅ ፐርክሎሬት ለመፍጨትም ለመያዝም አደገኛ ነው። እዚህ ላይ ነው ካታሊስት፣ ማለትም ቃጠሎን የሚያፋጥን ተጨማሪ ነገር፣ የሚያስፈልገው። ዝገት ርካሽ ነው፣ አይተንም፣ ከቦታው አይነቃነቅም። ጉድለቱም ያው ጠጣርነቱ ነው፤ በጎማው ውስጥ አይሟሟምና በእኩል ካልተበተነ አንዱ ጥግ ይበዛበታል፣ ሌላው ያንሰዋል። ሥራውም በቅንጣቱ መጠን ላይ ስለሚመሠረት ከአንድ ከረጢት ወደ ሌላው ይለያያል። በመንኮራኩሩ ሮኬቶች የግራውና የቀኙ ክፍሎች በጥንድ ከአንድ ድብልቅ ይሞሉ የነበሩት አንደኛው ከሌላው ቀድሞ እንዳይነድ ነው። በጥቂት የሚፈጥን ነዳጅ በቂ ለሆነበት ለዚህ ዓይነቱ ግዙፍ ሮኬት ዝገት በቂ ነበር። በጣም ፈጣን ቃጠሎ የሚጠይቁ ትንንሽ ሮኬቶችን የሚሠሩት ግን ሌላ መፈለግ ነበረባቸው።

ፌሮሲን የተገኘችው ለሮኬት ተብሎ አይደለም። ፒተር ፖውሰን እና ተማሪው ቶማስ ኪሊ በፒትስበርግ ዱኬን ዩኒቨርሲቲ ሌላ ሞለኪውል ለመሥራት ሲሞክሩ ብርቱካንማ ክሪስታል አገኙ፤ በታኅሣሥ 1951 በ«ኔቸር» መጽሔት ወጣ። ሚለር፣ ቴቡዝና ትሬሜይን የተባሉ የእንግሊዝ ኬሚስቶችም ራሳቸውን ችለው ያንኑ ነገር አግኝተው ጽሑፋቸው በ1952 ታተመ። ውህዱ ያስገረመው በጥንካሬው ነው። ብረትና ካርቦን በቀጥታ የተያያዙባቸው ነገሮች በአብዛኛው ቶሎ ይበላሻሉ፤ ይህ ግን በ173 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ፣ ከ400 ዲግሪ በላይም ሳይፈርስ ይቆያል። ምክንያቱን በ1952 የገለጹት በሃርቫርድ ጄፍሪ ዊልኪንሰንና ሮበርት ውድዋርድ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በሙኒክ ደግሞ ኧርንስት ኦቶ ፊሸር ናቸው። ብረቱ ጎን ላይ አልተንጠለጠለም፤ አምስት አምስት ካርቦን ባላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ቀለበቶች መካከል፣ ከአሥሩም ካርቦኖች በእኩል ርቀት ተቀምጧል። በ1973 የኖቤል ሽልማት ለዊልኪንሰንና ለፊሸር ሲሰጥ ውድዋርድ ቅር ተሰኝቶ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጽፏል፤ ቅሬታው መሠረት የሌለው አይመስለኝም።

ለነዳጅ ሠሪው ይህች ሞለኪውል የተመኘውን ሁሉ የያዘች ትመስል ነበር። ከክብደቷ 30 በመቶው ብረት ነው። ካርቦንና ሃይድሮጅኗ ራሳቸው ይነዳሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በጎማው ውስጥ ትሟሟለች፤ ዱቄት መበተን ቀርቶ እያንዳንዱ የብረት አቶም ለብቻው በእኩል ይዳረሳል። እሳቱ ሲደርስ ቀለበቶቹ ይፈርሳሉ፣ ብረቱም እዚያው ኦክሳይድ ይሆናል፤ በጣም የደቀቀ፣ ገና የተወለደ ዝገት፣ በትክክል በሚፈለግበት ቦታና ሰዓት። በተመሳሳይ የብረት መጠን ፌሮሲንና ልጆቿ ከተራው ዝገት የበለጠ የሚያፋጥኑትም በዋናነት በዚህ ነው።

ብረቱ በእሳቱ ውስጥ የሚሠራው በትክክል ምን ላይ ነው የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። አሞኒየም ፐርክሎሬት ሲሞቅ አሞኒያና ፐርክሎሪክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ፈርሶ ኦክሲጅኑን ይለቅቃል፤ ከጎማው የሚወጣው ጋዝም ከዚያ ጋር ተገናኝቶ ይነዳል። ቤክስቴድ፣ ዴርና ፕራይስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970 ባወጡት ዝነኛ ሞዴል በእያንዳንዱ የጨው ቅንጣት ዙሪያ አንድ ሳይሆን ሦስት ነበልባሎች አሉ፤ አንዱ የጨው ብቻ፣ አንዱ ጨውና ጎማው በሚገናኙበት ጠርዝ፣ አንዱ ከላይ ራቅ ብሎ። ካታሊስቱ ከእነዚህ የቱን ይነካል? ተመራማሪው ቻርልስ ፒትማን ሞዴሉ ከመውጣቱ በፊት፣ በ1969፣ ካታሊስቱ የት ላይ እንደሚሠራ በግልጽ ጠይቆ ነበር። አንዱ ወገን ፌሮሲን ተንና ከገጹ በላይ ባለው ጋዝ ውስጥ ትሠራለች ይላል። ሌላው ሥራው ያለው ጨውና ጎማ በሚነካኩበት ስስ ሽፋን ላይ ነው ይላል።

ለእኔ አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት በጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ፕራይስና ባልደረቦቹ ያደረጉት ዓይነት ሙከራ ነው። ነዳጅን ሁሉ አቀላቅሎ ከመለኮስ ይልቅ በሁለት የጨው ንጣፎች መካከል አንድ ስስ የጎማ ሽፋን ያስገባሉ፤ ያን ከጠርዙ ይለኩሱታል። በመካከሉ ግፊቱን በድንገት ይለቁታል፣ እሳቱም እዚያው ይጠፋል። የቀረው ገጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ጨው የት እንደጎደጎደ፣ ጎማው የት ቀድሞ እንደሄደ፣ ብረቱ የት እንደተከማቸ። ቻክራቫርቲ፣ ፕራይስና ሲግማን በ1997 ባወጡት ጥናት የብረት ኦክሳይድ በጎማው ገጽ ላይ እየተጠራቀመ ጎማውን ቶሎ ወደሚነዱ ትንንሽ ቁርጥራጮች እንደሚያፈርሰው፣ በዚህም የጠርዙ ነበልባል ወደ ገጹ ተጠግቶ እንደሚያሞቀው ይከራከራሉ። ይህ አተረጓጎም ብረት ጨውን ብቻ ይነካል ከሚለው የቆየ አስተሳሰብ ይሰፋል።

ክርክሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ብረት እሳትን ማዳከምም መቻሉ ነው። አይረን ፔንታካርቦኒል የተባለው የብረት ፈሳሽ በ1920ዎቹ በጀርመን ሞታሊን በሚባል ቤንዚን ውስጥ ይጨመር ነበር፤ ሞተሩ እንዳያንኳኳ፣ ማለትም ቤንዚኑ ከጊዜው ቀድሞ እንዳይነድ። የተተወው ሲቃጠል የሚተወው ዝገት ካንዴላውን ስለሚሸፍነው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ላስክና ዋግነር የተባሉ ተመራማሪዎች ያው ውህድ ከ1,000 አንድ እጅ በታች በሆነ መጠን ብቻ ቀድሞ የተቀላቀለ ጋዝና አየር ነበልባልን በእጅጉ እንደሚያዘገየው አሳዩ። ምክንያቱ ዛሬ በደንብ ይታወቃል፤ ነበልባልን የሚያስቀጥሉት ነጻ የሃይድሮጅን አቶሞች ናቸው፣ የብረት ሃይድሮክሳይዶች ደግሞ እነዚያን አቶሞች ደጋግመው እየያዙ ወደ ተራ ሃይድሮጅን ይመልሷቸዋል። እንግዲህ በንጹህ ጋዝ ውስጥ እሳት የሚያበርድ ብረት በጠጣር ነዳጅ ላይ የሚያፋጥን ከሆነ፣ የፍጥነቱ ምንጭ ከላይ ባለው ጋዝ ውስጥ ሳይሆን በገጹና ከገጹ እጅግ በቀረበ ስስ ሽፋን ውስጥ መሆን አለበት ወደሚለው ሚዛኑ ያዘነብላል። ይህን ለመጨረሻ ማስረጃነት አላቀርበውም፤ ስለ ነበልባል ማዳከምና ስለ ጠጣር ነዳጅ የተጻፉትን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ግን አለመብዛቱ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ፌሮሲን ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጣ ስትከርም ክዳኑ ሥር ብርቱካንማ መርፌዎች ይታያሉ። ሳትቀልጥ ተንና እዚያ ላይ መልሳ ክሪስታል ሆናለች። ሳጥን ውስጥ በልብስ መካከል የተቀመጠ ናፍታሊን ሳይቀልጥ እየመነመነ እንደሚጠፋ ማለት ነው። ይህ ጠባይ በነዳጁ ውስጥም አብሯት ይገባል። ሞለኪውሏ ትንሽ ናት፤ ጎማው ደግሞ ለእንዲህ ያሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች ግድግዳ አይሆንም። ከገጹ ላይ ትተናለች፤ ከነዳጁ ወደ ሽፋኑና ወደ ሙቀት መከላከያው ጎማ ትሰርጋለች። ዓመታት የቆየ ናሙና ለሁለት ሲከፈል ነጭ ወይም ጥቁር የነበረው መከላከያ ብርቱካንማ ሆኖ ይገኛል፣ አጠገቡ ያለው የነዳጅ ጠርዝ ደግሞ ከቀለሙ ደብዝዟል።

የዚህ ትርጉም ሮኬቱ ሲነድ ይታያል። ከጠርዙ አጠገብ ብረት የጎደለው ነዳጅ በዝግታ ይነዳል። መካከሉ እንደተለካው ይነዳል። በንድፉ ላይ አንድ የነበረው ፍጥነት ሁለትና ሦስት ሆኗል፣ ከላይ ያየነው የግፊት ስሌትም ከመሠረቱ ተናግቷል። ሙቀትን እንዲከላከል የተቀመጠው ጎማም ለመንደድ የሚረዳ ብረት ጠጥቷል፤ ስለዚህ መከላከል ባለበት ሰዓት ይበላል። በተጨማሪም ፌሮሲን ያለበት የፐርክሎሬት ድብልቅ በሰበቃ፣ በምትና በኤሌክትሪክ ብልጭታ በቀላሉ ይነሣል፤ ገጹ ላይ የተከማቹ ክሪስታሎች ደግሞ ይህን አደጋ ከሁሉ በከፋው ቦታ ላይ ያስቀምጡታል። እንዲህ ያለ ድብልቅ ሰው ከሌለበት ክፍል ውስጥ በርቀት የሚቀላቀለው ያለ ምክንያት አይደለም።

መፍትሔው በሦስት ትውልድ መጣ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ለፌሮሲን ቀለበት የካርቦን ጅራት ተቀጠለላት። ቡቲል ፌሮሲን ፈሳሽ ናት፤ ክሪስታል ሆና አትወጣም፣ መተኗ ግን አልቀረም። ሁለተኛው ሁለት ፌሮሲኖችን በአንድ ድልድይ ማያያዝ ነው። ካቶሲን በሚል ስም የሚታወቀው ጥቁር ቀይ፣ ወፍራም ፈሳሽ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሞለኪውሉ ከፌሮሲን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይከብዳል፣ 24 በመቶ ያህል ብረት ይዟል፣ በጣም ዝቅ ባለ ብርድም አይረጋም። ድብልቁ እንዲለሰልስ ስለሚያደርግ ለሠራተኛውም ምቹ ነው። ለረጅም ጊዜ የሌሎች ሁሉ መለኪያ ሆኖ የቆየው ይህ ነው፤ አዲስ ውህድ የሚያቀርብ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከካቶሲን ይሻላል ወይ ተብሎ ነው። ሆኖም ካቶሲንም ይሰርጋል፤ በዝግታ ቢሆንም።

ሦስተኛው ትውልድ ጥያቄውን ከሥሩ ለወጠው። የፈረንሳዩ የባሩድና ፈንጂ ድርጅት፣ በምህጻሩ ኤስ.ኤን.ፒ.ኢ.፣ ፌሮሲንን በሲሊከን አማካይነት ከራሱ ከማያያዣው ጎማ ሰንሰለት ጋር አሰራት፤ ምርቱ ቡታሲን ይባላል። ከእንግዲህ ብረቱ በጎማው ውስጥ የሚዞር እንግዳ ሳይሆን የጎማው አካል ነው፤ ጎማው ካልሄደ አይሄድም። ለእኔ በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ ከፍተኛውን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ሐሳብ ነው፤ ምክንያቱም ፍጥነትን ለመጨመር አልሞከረም፣ መቆየትን እንጂ። ዋጋም አስከፍሏል። የብረቱ ድርሻ ወደ 8 በመቶ ስለሚወርድ ብዙ ያስፈልጋል፣ ድብልቁ ይወፍራል፣ ውህዱ ውድ ነው። ብረት የጎማን ድርብ ትስስሮች ከአየር ኦክሲጅን ጋር እንዲዋሐዱ ስለሚገፋፋም ለአየር የተጋለጠው ገጽ በጊዜ ብዛት ሊደርቅ ይችላል። መሰረጉ ቆመ፤ እርጅና ግን ሌላ በር አገኘ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት አማራጮች ብዙ ናቸው። በተለይ በቻይና፣ ዢያን ውስጥ ያሉ ቡድኖች ፌሮሲንን እንደ ጨው ኤሌክትሪካዊ ሙል ሰጥተው ናይትሮጅን ከበዛበት አጋር ጋር አጣምረዋታል፤ ሙል ያለው ነገር አይተንም፣ በጎማ ውስጥም በቀላሉ አይጓዝም። ሌሎች እንደ ዛፍ በተቀጣጠሉ ትላልቅ ሞለኪውሎች ጫፍ ላይ አስረዋታል። ሌሎች ደግሞ ተመልሰው ወደ ዝገት ሄደዋል፣ አሁን ግን በናኖ መጠን በተፈጨ መልክ። ይህ የመጨረሻው መንገድ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ናኖ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉና በወረቀት ላይ ያለው ትንሽነት በገንዳው ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

በዚህ አዲስ ጽሑፍ ብዛት ላይ አንድ ጠንካራ ቅሬታ አለኝ። አብዛኞቹ ጥናቶች አዲስ ውህድ ይሠሩና ከፐርክሎሬት ጋር ቀላቅለው በደቂቃ 10 ዲግሪ እየጨመሩ ያሞቁታል፤ ጨው የሚፈርስበት ሙቀት ከወረደ ድል ነው ይላሉ። እውነተኛውን እሳት ግን እንመልከት። በሰከንድ 1 ሴንቲሜትር በሚነድ ነዳጅ ላይ የሚሞቀው ሽፋን ውፍረቱ ወደ 10 ማይክሮሜትር ነው፤ ከክፍል ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰው በአንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። ይህ በሰከንድ የመቶ ሺዎች ዲግሪ ጭማሪ ነው። በደቂቃ 10 ዲግሪ የሚለካ መሣሪያ ስለዚያ ዓለም የሚነግረን ጥቂት ነው። በላቦራቶሪው መሣሪያ ላይ ያበራ ውህድ በነዳጅ ዘንጉ ላይ ምንም ሳይጨምር ሊቀር ይችላል። ከዚያ አልፎ ነዳጅ ሠርቶ፣ በሙቀት ምድጃ ውስጥ ለወራት አቆይቶ፣ ከጠርዝና ከመካከል ቆርጦ ፍጥነቱን ለብቻ ለብቻ የሚለካ ጥናት ብርቅ ነው። መስኩ የሚያስፈልገው ግን ይህ ዓይነቱ አድካሚ ሥራ ነው፤ መጽሔቶችም ከአዲስ ሞለኪውል ይልቅ ለእርሱ ቦታ ቢሰጡ ደስ ይለኛል።

ብረት ብቻውን አይደለም። መዳብ ክሮማይት ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ፐርክሎሬት በሌለባቸው የናይትሮሴሉሎስና ናይትሮግሊሰሪን ነዳጆች ውስጥ ደግሞ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የነገሡት የእርሳስ ጨዎች ናቸው። እርሳስ ብረት የማይችለውን ይሠራል፤ በተወሰነ የግፊት ክልል ውስጥ ግፊት ቢጨምርም ፍጥነት እንዳይጨምር፣ እንዲያውም እንዲቀንስ ያደርጋል። ነገር ግን እርሳስ መርዝ ነው፣ ጭሱም ለሚተነፍሰው ሠራተኛ ይተርፋል፤ ስለዚህ በቢስሙት ለመተካት ጥረቱ ቀጥሏል። በመርዛማነት ረገድ ብረት ከእርሳስ ጋር አይወዳደርም። ፌሮሲን በሌላ ሕይወቷ በሰው እጅ ውስጥ ገብታለች፤ በ1984 ኦክስፎርድና ክራንፊልድ ውስጥ የተሠራው የደም ስኳር መለኪያ ኤሌክትሮኑን ከኢንዛይም ወደ ሽቦ የሚያሻግረው በፌሮሲን ነበር፤ በ1987 ለገበያ ከቀረበው መሣሪያ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኞች በጣታቸው ደም ሲለኩ ይህች ሞለኪውል አገልግላለች። የናፍጣ መኪና ጭስ ማጣሪያ ውስጥ የተጠራቀመውን ጥላሸት ለማቃጠልም ትጨመራለች።

ትልቁ የጤናና የአካባቢ ጥያቄ ያለው በብረቱ ሳይሆን ብረቱ በሚያገለግለው ጨው ላይ ነው። የጠፈር መንኮራኩሯ ቻሌንጀር በጥር 1986 ከጠፋች በኋላ የመንኮራኩሮቹ በረራ ሲቋረጥ ፐርክሎሬቱ መመረቱን ቀጠለ፣ ክምችቱም አደገ። በግንቦት 4 ቀን 1988 በኔቫዳ፣ ሄንደርሰን ከተማ ይህን ጨው የሚያመርተው የፔፕኮን ፋብሪካ ተቃጥሎ ፈነዳ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ 372 ያህል ቆሰሉ። በ1997 ደግሞ ከዚያው አካባቢ ፋብሪካዎች የፈሰሰ ፐርክሎሬት ሚሊዮኖች በሚጠጡት የኮሎራዶ ወንዝ ውኃ ውስጥ ተገኘ። ፐርክሎሬት የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንዳይወስድ ያግዳል። አዮዲን ባነሰው ደጋ እንቅርትን አይቶ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አዮዲን ቀድሞውኑ ለጎደለው ሰው ተመሳሳይ መጠን ይበልጥ ይጎዳል። ሲነድም ጨው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ያወጣል፣ ይህም ከእርጥበት ጋር አሲድ ይሆናል። ጠጣር ሮኬት ለእኛ አካባቢ ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ በታኅሣሥ 12 ቀን 1970 ኡሁሩ የተባለችው የኤክስሬይ ሳተላይት የተነሣችው በኬንያ ማሊንዲ ጠረፍ ከባሕር ላይ በቆመው የጣሊያኖች ሳን ማርኮ መድረክ፣ አራቱም ደረጃዎቹ ጠጣር ነዳጅ በሆኑት ስካውት ሮኬት ነበር።

ክሎሪን የሌለበት ምትክ ሲፈለግ ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው አሞኒየም ዳይናይትራማይድ ነው፤ በ1971 ሞስኮ በሚገኘው የዜሊንስኪ ተቋም ተሠርቶ ለዓመታት በምስጢር ቆይቷል። እርጥበት ይስባል፣ ውድ ነው፣ ግን ክሎሪን የለውም። ለዚህ ዳሰሳ ዋናው ነጥብ ሌላ ነው፤ ይህ ጨው በተፈጥሮው ፈጣን ነው፣ ችግሩም ፍጥነት ማነስ ሳይሆን የአርቢው ከፍተኛነት ነው። ስለዚህ ጨው ሲቀየር ከተጨማሪው የሚጠበቀው ሥራ ከማፋጠን ወደ ማረጋጋት ይዞራል። ለፐርክሎሬት የተቀረጸው የፌሮሲን ቤተሰብ እዚያ ምን ያህል እንደሚያገለግል የሚወሰነው በዘንግ ላይ በሚደረግ ልኬትና ከምድጃው በሚወጡ ያረጁ ናሙናዎች ነው፤ በጎማ ሰንሰለት ላይ የታሰረው ብረትም ከአዲሱ ጨው ጎን ዓመታት ሲቀመጥ ጎማውን ምን ያደርገዋል የሚለው አብሮ መለካት አለበት።